ሰላምታ የበዛበት ፓምፕ

ሰው ሲደነግጥ ወይ ይሮጣል ወይ ባለበት ይደርቃል ይባላል። እኔ ሦስተኛም መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። የጠቀለልኩት ጉርሻ አፌ ደጃፍ ላይ እንደቆመ፣ የገዛ ጫማዬ በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ከፊቴ ሲያልፍ ምንም ሳልናገር በዓይኔ ሸኝቼዋለሁ። ግራው ቀደመ፤ ቀኙ ተከተለው። ያ ቀን ካለፈ ሰንብቷል፤ ድንጋጤው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። የቧንቧ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አሁንም እግሬን ወደ ላይ እሰበስባለሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ነገሩ የሚጀምረው ከትዳሬ ነው፤ የኔ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሐዋ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ክፍል ኮምፒውተር ተምረናል። እሷ ዶሃ ሄዳ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቆየች፤ እኔ ደሴ ስሠራ ቆየሁ። ስትመለስ ተጋባን። አሁን ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ቤት እንኖራለን። ኢንተርኔት ሲኖር ሁለታችንም እንሠራለን፤ ሲጠፋ እንጨቃጨቃለን። ሌላው ባልና ሚስት በምን እንደሚጨቃጨቅ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግድግዳችን ስስ ነው። እኛ ግን የምንጣላው በቋንቋ ነው።

ቋንቋ ስል አማርኛና ኦሮምኛ ማለቴ አይደለም፤ በዚያስ ወሎ ላይ ማን ተጣልቶ ያውቃል? ኮምፒውተርን የምናዝበት ቋንቋ ማለቴ ነው። የኔ ቋንቋ ሲ ይባላል። ሲ ሽማግሌ ነው። የምትነኩትን ማሽን ሁሉ ከሥሩ ብትቆፍሩት ሲን ታገኙታላችሁ። ጠባዩ የድሮ ጌታ አሽከር ጠባይ ነው፤ «ገደል ግባ» ብትሉት የትኛው ገደል እንኳ ብሎ ሳይጠይቅ ይገባል፤ እናንተንም ይዟችሁ ይገባል። የሐዋ ቋንቋ ደግሞ ረስት ይባላል፤ አዲስ ነው። «ገደል ግባ» ብትሉት ገደሉ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደላችሁ፣ ከገባ በኋላ ማን እንደሚያወጣው ካልነገራችሁት ንቅንቅ አይልም።

«ሲ የሚሆነው ለማይሳሳት ሰው ነው» ትላለች ሐዋ። «እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ አላገባሁም።»

እኔም እላለሁ፦ «ረስት የሚሆነው ራሱን ለማያምን ሰው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔ አላምንም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በዚህ ጭቅጭቅ አሸንፌ አላውቅም፤ ግን አልተሸነፍኩም ነበር፤ ፓምፑ እስኪመጣ ድረስ።

የሐዋ አባት፣ አባባ ይማም፣ ከሐይቁ ዳር የሽንኩርት መደብ አላቸው። ቤታቸው ከላይ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። ፓምፑ ውሃውን ከሐይቁ ስቦ መደቡ አናት ላይ ወዳለው ገንዳ ያወጣል፤ ከገንዳው በቦይ ወደ ችግኙ ይወርዳል። ታዲያ ፓምፑን ለማስነሳት መውረድ፣ ለማጥፋት ደግሞ መውረድ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ቆይቷል። አንድ ቀን ቁልቁለቱን ቁጭ እያሉ ሲወርዱ አየሁና አማችነቴ ተቀሰቀሰ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እቤትዎ ቁጭ ብለው በስልክ ያዙታል» አልኳቸው።

«ፓምፑን?»

«አዎ።»

«ስልክ ያነሳል?»

«መልእክት ያነባል።»

«ማሻአላህ! ከኔ በለጠ በለኛ» አሉና ሳቁ።

መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ሲም ካርድ አስገባሁባት፤ ውሃ እንዳይነካት በሐዋ አሮጌ የምሳ ዕቃ ውስጥ ዘጋኋት፤ ፕሮግራሙን በሲ ጻፍኩት። «ክፈት» የሚል መልእክት ሲደርሳት ፓምፑን ታስነሳለች፤ ችግኙ የሚበቃውን ሰዓት ቆጥራ በራሷ ታጠፋለች። ቶሎ እንድታጠፋ ከተፈለገ «ዝጋ» ይሏታል። ይኸው ነው። ሐዋ የጻፍኩትን አነበበችና ጣቷን አንድ መሥመር ላይ አሳረፈች።

«መልእክቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ጠባብ አድርገኸዋል። ቢረዝምስ?»

«‹ክፈት› በምን ተአምር ይረዝማል?»

«ቢረዝም ከቦታው አልፎ አጠገቡ ያለውን ይደመስሳል። ሲ ደግሞ ዝም ብሎ ያየዋል።»

«ሐዋ፣ ይሄ እኮ ፓምፕ ነው። ደብዳቤ አይጻፍለትም።»

ይህቺን ንግግሬን ብትችሉ እርሷት፤ እኔ አልቻልኩም።

ፓምፑ ሠራ። ያውም እንዴት! የሰፈሩ ሰው እየመጣ ከዳገቱ ላይ ቆሞ አየ። አማቴ በሌባ ጣታቸው እያንዳንዱን ፊደል ከስልካቸው ላይ እንደ ጠፋ መርፌ እየፈለጉ «ክፈት» ብለው ይጽፋሉ፤ ታች ፓምፑ ያጓራል፤ ሰው ያጨበጭባል። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ መሐንዲስ እንጎራደዳለሁ። ሐዋ አላጨበጨበችም። እሳቸውም ቢሆኑ ደስታቸው ሙሉ አልነበረም።

«እንዲህ ደርቆ ማዘዝ ግን ደግ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰላም ሳይሉ፣ እንዴት ነህ ሳይሉ፣ ክፈት! የፖሊስ ነገር አይመስልም?»

«ዕቃ ነው እኮ አባባ።»

«ዕቃም ቢሆን ያገለግለኛል።»

ጣታቸው እንደዘገየ ቢኖር ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር። ግን ሐዋ (ልብ በሉ፣ ሐዋ እንጂ እኔ አይደለሁም) አባቷ ፊደል ሲፈልጉ አይታ አዘነችና ስልኩ ንግግርን ሰምቶ በአማርኛ እንደሚጽፍ አሳየቻቸው። ይቺን ምልክት ነክተው ያወራሉ፤ ስልኩ ይጽፋል። አማቴ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ስልኩ «ቢስሚላህ» ብሎ ጻፈ። ስልኩን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሳሙት። ይህ የሆነው የጋሽ ደምሴ ልጅ ሰርግ ዋዜማ ነው።

ጋሽ ደምሴ የአማቴ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን በሬ አቀናጅተው ያረሱ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚያጭድ፣ በፋሲካና በአረፋ ተጠራርተው የሚመራረቁ ሰዎች ናቸው። ማሳቸው ከአማቴ መደብ ዝቅ ብሎ፣ ሜዳ ላይ ነው። እህሉ ተነስቶ ስለነበር ለልጃቸው ለብርቱካን ሰርግ እዚያ ሁለት ዳስ ተጣለ፤ በአንድ በኩል የእነሱ ወገን፣ በሌላ በኩል የኛ ወገን፣ ከራሳችን አራጅና ከራሳችን ድስት ጋር። ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብ ይመጣል ብሎ የሚሰጋ አንድም ሰው የለም።

አማቴ በዚያ ጠዋት የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው ሲያበቁ ችግኞቹ ትዝ አሏቸው። ከሰርጉ በፊት ትንሽ ይጠጡ ብለው ስልካቸውን አወጡ፤ ምልክቷን ነኩና አወሩ። ያወሩት ይኸው፦

«አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት አደርክ ፓምፕ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ትናንት ድምፅህ ከበድ ብሎኝ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዛሬ የደምሴ ልጅ ብርቱካን ሰርግ ነው፤ አላህ ያሳምረው። አንተም ብትመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራ አለብህ። በል እንግዲህ፣ ችግኞቹ ጠምቷቸዋል፤ አላህ ያግዝህ፤ ክፈት።»

ፓምፑ ከፈተ። አማቴ ሰርግ ሄዱ።

እኔ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብዬ ከአንድ የሐይቅ ነጋዴ ጋር አንድ ትሪ ከበናል። ጫማችንን ከዳሱ ጫፍ አውልቀናል። መጀመሪያ ነጋዴው «ሰሌኑ ቀዝቀዝ አለኝ» አለኝ። «ጥላ ስለሆነ ነው» አልኩት። ቀጥሎ «ሰሌኑ ረጠበኝ» አለኝ። «ለስላሳ ፈሶ ይሆናል» አልኩት። ከዚያ ቀና ስል፣ ያ የነገርኳችሁ ጫማ፣ በዝግታ፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ እንደሌለው ሰው አለፈ።

«ሐይቁ ገነፈለ!» አለ አንዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ከኛ ዳስ «ያ ረቢ!» ተባለ፤ ከእነሱ ዳስ «የግሸኗ እመቤቴ!» ተባለ። ትሪ ይዞ የተነሳ አለ፣ ልጁን ትቶ። ድስት ያቀፉ ሴቶች ወደ ዳገቱ ወጡ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ ቆመው «አትሩጡ! ሐይቁ እንደዚህ ቶሎ አይመጣም!» ይላሉ፤ ራሳቸው ግን አልወረዱም። ከሙሽራዋ ጠረጴዛ ሥር ጣት የምታህል ዓሣ አየሁ ያለ ሰው አለ። እኔ አላየሁም፤ አልዋሽም። ባየው ኖሮ ግን አይገርመኝም።

ውሃው ከላይ፣ ከአማቴ መደብ በኩል እየወረደ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፓምፑ በራሱ መዝጋት ከነበረበት ሰዓት ብዙ አልፏል! ስልኬን አውጥቼ «ዝጋ» ብዬ ላክሁ። ውሃው መጣ። «ዝጋ!» ውሃው መጣ። «ዝጋ በአላህ!» አልኩት። አማቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ደረሱ፤ የጻፍኩትን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰላም ሳትለው እንዴት ይሰማሃል?»

ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ፓምፑ ያለባት የቆርቆሮ ቤት ተቆልፋለች። ቁልፉ በአማቴ የዘወትር ኮት ኪስ ነው፤ አማቴ የለበሱት የሰርጉን ነው። በሩን በእርግጫ መታሁ፤ በሩ አልተከፈተም፤ እኔ ግን በጀርባዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ተነሳሁ፤ ደግሜ መታሁ፤ ደግሜ ገባሁ። በሱፌ ላይ የቀረ ደረቅ ቦታ ካለ ክራባቴ ሥር ብቻ ነው። ሐዋ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሳትሮጥ መጣች፤ ከቆርቆሮዋ ቤት ውጭ ካለው ምሰሶ ላይ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳበችው። ፓምፑ ዝም አለ።

«ማጥፊያውን እኮ ከውጭ ያስገጠምከው አንተ ነህ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ከጆሮዬ ውሃ አራገፍኩ።

ስንመለስ የሙሽራው መኪና ደርሶ ጭቃው ውስጥ እስከ ሆዱ ሰጥሟል። ሚዜዎቹ ነጭ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይገፋሉ፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጭቃው እነሱ ላይ ይረጫል። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ውሃው መሃል ቆመዋል። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም፤ ፊታቸው ላይ ያለው የተካደ ሰው ፊት ነው። አማቴን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ይማም፣ ምን አስቀይሜህ ነው ሐይቁን በልጄ ሰርግ ላይ የላክብኝ?»

አማቴ ሰብስበው የያዙትን ሱሪ ለቀቁት። እንዲህ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። እድሜ ልክ የተገነባ ጉርብትና በአንድ ጠዋት በቦይ ሲወርድ ቆሜ የማይ መሰለኝ፤ ያውም በኔ ቦይ።

«ወላሂ ደምሴ፣ ክፈት እንጂ ልቀቅ አላልኩትም!» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሰዉ ዞሩ፦ «ግቢዬ ደረቅ ነው! ሰርጉ እኔ ቤት ነው! ሙሽራዋን አምጡ፣ ድስቱን አምጡ፣ ሁሉም ይውጣ!»

ሰው ሁሉ ዳገቱን ወጣ። ሁለት ዳስ የነበረው ሰርግ አንድ ግቢ ውስጥ ገባ፤ ድስቶቹ በየወገናቸው ሆኑ እንጂ ሰዉ ተቀላቀለ። ብርቱካን ስታለቅስ ነበር፤ ሐዋ ገበቴ ሙሉ ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሯን አጠበችላት፤ ከዚያ ሳቀች። እንዴትስ አትስቅ? ከሴቶቹ አንዷ ከበሮ አንስታ ወደኔ እያየች ጀመረች፦

«እንዲህ ያለ አማች ከወዴት ይገኛል፣
እግሬን አጠበልኝ ጫማዬም ይዋኛል።»

ሰዉ ተቀበላት። የሰርጉ ዘፈን እሱ ሆኖ ዋለ። እኔ የአማቴን ሽርጥ አገልድሜ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የምሳ ዕቃዋን ፈትቼ፣ የአማቴን መልእክት አይቼ፣ ክው ብዬ ተቀምጫለሁ።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሰላምታ።»

«ምን?»

አስረዳኋቸው። ለመልእክቱ ያዘጋጀሁት ቦታ «ክፈት» ለምትል ቃል የሚበቃ ነው። የአማቴ ሰላምታ ያን ቦታ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ተጻፈ። ቀጥሎ ያለው ቦታ ደግሞ ፓምፑ መቼ መዝጋት እንዳለበት የተጻፈበት ነበር። እሱ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ አእምሮውን ሳተ።

«የጎረቤቱ ቦታ ውስጥ ሲገባ ተው የሚለው አልነበረም?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አልነበረም። ሲ ተው አይልም።»

«ያየዋል?»

«አያየውም።»

ጋሽ ደምሴ ወደ አማቴ ዞሩ። «እንግዲያ አንተ ጥፋት የለብህም፤ ቋንቋው ነው» አሉ። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው «አፉ በለኝ» አሉ፤ ጋሽ ደምሴ «አፉ ብያለሁ» አሉ፤ ተሳሳሙ። እኔን ግን አፉ ያለኝ አልነበረም። ሁለቱም ሐዋን አዩ።

«አንቺ ሌላ ቋንቋ አለ ትዪ አልነበር?» አሉ አባቷ።

«አለ አባባ። ረስት ይባላል።»

«ምን ማለት ነው?»

ሐዋ ትንሽ አመነታች። «ስሙ... በፈረንጅ አፍ ዝገት ማለት ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አማቴ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ባልሽ ፓምፔን ውሃ አስተፋው፤ አንቺ ደግሞ ዝገት ልታስገቢበት?»

ስም እንጂ ግብር አለመሆኑን ለማሳመን ብዙ ሻይ ጠጣን። በመጨረሻ ተፈረደ፤ በረስት ይጻፍ፤ የሚጽፈው ደግሞ ያጠፋው ሰው ይሁን። ያ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሌላው ድንጋጤዬ ይኼ ነው። ሰው የጻፈውን ወደ ማሽኑ ልሳን የሚመልስ አስተርጓሚ አለ፤ ኮምፓይለር ይሉታል። የሲው ኮምፓይለር የሰጠሁትን ሁሉ ሲያስተረጉምልኝ የኖረ፣ ቢበዛ ጉሮሮውን የሚጠርግ ጨዋ ነበር። የረስቱ ጋ ስደርስ ገና ከበሩ ያዘኝ። ይህ ዕቃ የማን ነው? ለዚያኛው ሰጥተኸው የለም እንዴ? ታዲያ ምን አድርግ ብለህ መልሰህ ትነካዋለህ? ያዋስከው ሳይመለስልህ እንዴት ትለውጠዋለህ? አንዱን ሳርም ሌላ ያወጣል። የሚያናድደው ደግሞ ትሕትናው ነው፤ ከስድቡ ሥር «ምናልባት እንዲህ ለማለት ፈልገህ ይሆን?» ብሎ ይጽፋል።

«ያዋስኩትን ዕቃ አትንካ ይለኛል! የገዛ ዕቃዬን!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ደምሴ ሥራው እንዴት እንደሆነ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። «ይሄ ምኑ ያስከፋል?» አሉኝ። «በሬዬን ለይማም አውሼው ሳለ፣ እሱ እያረሰበት መጥቼ ልጥመደው ብል ምን ይለኛል?»

ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። ሐዋ ግድግዳውን እያየች ትስቃለች።

በመጨረሻ ኮምፓይለሩ ዝም አለ። የኮምፓይለር ዝምታ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ሐዋም አነበበችው፤ «አሁን የፈለገው ይምጣ፤ አይፈስም» አለች። ለሙከራ ረጅም ሰላምታ በፈረንጅ ፊደል፣ «ክፈት»ን ብቻ በኛ ፊደል ጽፌ ላክሁ፤ ሠራ። የምሳ ዕቃዋን ቦታዋ መለስናት፤ ለአማቴ «አብሽሩ፣ እንደ ልብዎ ሰላም ይበሉት» አልናቸውና ለጉዳይ ደሴ ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አማቴ ደወሉ።

«ችግኞቼ አንገታቸውን ደፉ» አሉ።

«ክፈት አላሉትም?»

«ሰላም ብዬ፣ ጠይቄ፣ መርቄ፣ ክፈት አልኩት። ደግሜም አልኩት። ዝም።»

ሐዋ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለረስት የማለች ሰው እንደሆነች አትርሱ። ሚኒባስ ይዘን ተመለስን። ከሐይቅ በባጃጅ ወደ አባቷ ቤት ወጣን፤ የምሳ ዕቃዋን ፈታን፤ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘናት።

ረስት ምን እንደሆነ፣ የትኛው መሥመር ላይ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ጽፎ ጠበቀን። እንዲህ ነው፦ ረጅም መልእክት እንዳያስቸግር ብዬ፣ «ክፈት» ያለችበትን፣ ከመጨረሻው ጥቂት ብቻ ቆርጠህ ያዝ ብዬው ነበር። የፈረንጅ ፊደል በማሽኑ ሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ይይዛል፤ የኛ ፊደል ግን አንዱ ብቻውን ሦስት ቦታ ይይዛል። መቁረጫዬ ከአማቴ ሰላምታ ውስጥ አንዷን ፊደል መሃል ለመሃል አረፈባት። ረስት ደግሞ ፊደል ለሁለት አልቆርጥም ብሎ ቆመ። በባለሙያዎቹ አነጋገር ፕሮግራም እንዲህ ሲቆም «ደነገጠ» ይባላል። ሲነሳ፣ ያው መልእክት ይጠብቀዋል፤ ያነበዋል፤ እንደገና ይደነግጣል። ከጠዋት ጀምሮ ሲደነግጥ ነው የዋለው። እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት፤ እኔም ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ያው ነበር።

«ይኸው የአንቺ ቋንቋ» አልኩ። «በሲ ጎርፍ፣ በረስት ድርቅ!»

«ቆመ እንጂ አላጥለቀለቀም» አለች ሐዋ። «ሲ ቢሆን ፊደሏን ቆርጦ፣ ግማሿን ይዞ፣ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥል ነበር። ይሄ ቆሞ ጠራህ። ደግሞ ይህን መሥመር እኔም አንብቤ አልፌዋለሁ፤ የሁለታችንም ነው።»

ይህን ከአፏ ስሰማ ከጎርፉ በላይ ደነገጥኩ። ሐዋ ስትሳሳትና ስታምን በአንድ ቀን! መቁረጡን ተውን፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ፣ የፈለገውን ያህል ቢረዝምም እንዲችለው አደረግን። ችግኞቹ ጠጡ፤ በማግሥቱ ቀና አሉ። የሰላምታ ብዛት ምን እንደሚያመጣ ስለተማርን፣ የሚመጣው መልእክት ምን ያህል እንደሚረዝም ብቻ ለስልካችን እንዲነግረን አደረግን። ምን እንደሚል ግን አናይም። «የሰው ወሬ አይነበብም» አለች ሐዋ፤ ተስማማሁ።

ሰነበተ። በየጠዋቱ የአማቴ መልእክት ረዘመ፤ ጓደኝነት እየጠና እንደሚሄደው። ፓምፑም ሁሉንም ቻለው። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጨቃጨቅ ቁርስ በላን።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን አየሁና ዳቦው ከእጄ ወደቀ።

«ሐዋ፣ ሦስት ፊደል።»

«ምን ሦስት ፊደል?»

«አባባ። ‹ክፈት› ብቻ። ሌላ ምንም የለም።»

የሐዋ ዓይን ፈጠጠ። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው እንኳ ሐኪሙን ስለ ልጆቹ ሳይጠይቁ አይተኙም። ስልካቸው አይነሳም። ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳታጣፋ የላፕቶፕ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ የባጃጁን ሾፌር «ፍጠን!» እያለች ጀርባውን ደበደበችው። እኔ ዳገቱን ስወጣ ስንት ዓይነት ዱዓ እንዳደረግሁ አላህ ያውቃል።

ስንደርስ አማቴ ከጋሽ ደምሴ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል። ደህና ናቸው፤ ብቻ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አባባ! ምን ሆነህ ነው?» አለች ሐዋ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እኔ? ምንም።»

«ታዲያ ለምን ሰላም አላልከውም?»

«አኮረፍኩት» አሉ።

«ማንን?»

«ፓምፑን ነዋ! ይሄን ሁሉ ቀን ሰላም ስለው፣ ስጠይቀው፣ ስመርቀው ከርሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ወአለይኩም ሰላም አላለኝም። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ጋ ምን ያዛልቀኛል?»

ሐዋና እኔ ተያየን። ያ ሁሉ ኮምፓይለር፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የማን እንደሆነ ጠይቆ የማይጠግበው ረስት፣ ይህን አላየውም። ሐዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች፤ ሽማግሌዎቹ እያዩ ጻፈችው። ከዚያ ላፕቶፑን ይዤ ወርጄ የምሳ ዕቃዋን አደስኳት። ስመለስ አማቴ ስልካቸውን ከፊታቸው ይዘው፣ ለዕርቅ እንደመጣ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰላምታቸውን አወሩ፤ በጣም ረጅም ነበር፤ ክፈት አሉ። ታች ፓምፑ አጓራ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ።

«ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከፍቻለሁ።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አማቴ ግን ስልኩን አዩት፤ ወደ ፓምፑ አዩ፤ እንደገና ስልኩን አዩ።

«ይሰማ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «እስከዛሬ... ይሰማኝ ነበር?»

«ያነብ ነበር፣ አዎ» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና በሳቅ ፈነዱ። «ይማም! ያን ስለ አማችህ ያልከውንም ሰምቷል ማለት ነው እኮ!»

«ዝም በል ደምሴ!»

«ምን ብለው ነው?» አልኩ።

«በአላህ ደምሴ!»

«አንድ ጠዋት አጠገቡ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «‹አማቼ ደግ ልጅ ነው፤ ብቻ አንዴ ስለዚያ ቋንቋው ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አንተ ትሻለኛለህ፤ አንተ ዝጋ ሲሉህ ትዘጋለህ› ነዋ ያለው!»

ሐዋ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።